ክሊቭላንድን በሁለት ቀን እንዴት እንደምትጎበኙ፦ ከማዕድን ጫኝ መርከብ እስከ ድንቅነሽ

ከኮሎምበስም ሆነ ከሌላ የኦሃዮ ከተማ ለሚነሳ ሰው ክሊቭላንድ ለቅዳሜና እሁድ የምትመች ከተማ ናት። ብዙ ሰው ግን ሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም በሚባለው የሙዚቃ ሙዚየም በር ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ያስቆጫል። በ1950 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ900 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። ያኔ ነዳጅ ታጣራ፣ ብረት ታቀልጥ ነበር። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሲዘጉ ሕዝቧ ከግማሽ በታች ወረደ። በደጉ ዘመን የተሠሩት ሙዚየሞች ግን አሉ። ከእነሱ አንዱ ደግሞ እኛን በቀጥታ ይነካናል።

1. ቀን ምረጡ። ሰኞን ተዉት፤ የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ዝግ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ስለሚቆይ፣ ዓርብ ከሰዓት መግባት ከተቻለ በጣም ጥሩ ነው።

2. ከኢሪ ሐይቅ ዳር ጀምሩ። እዚያ ዊልያም ጂ. ማዘር የምትባል መርከብ ቆማለች። በ1925 የተሠራች ናት፤ ርዝመቷ 188 ሜትር ገደማ ነው። ሥራዋ ለብረት ፋብሪካዎች ማዕድን ማመላለስ ነበር። በእንጨት የተለበጡትን የእንግዳ ክፍሎች እዩና ወደ ሞተር ክፍሉ ውረዱ። ባለ አራት ፎቅ ያህል ነው። የከተማዋ ሀብትና ላብ እንዴት አብረው ይጓዙ እንደነበር እዚህ በዓይን ይታያል። በብርዱ ወራት ስለምትዘጋ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

3. ሙዚየሞቹ ወዳሉበት ሰፈር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሰርክል ሂዱ። በመሀል ከተማ ካለው አደባባይ ከፐብሊክ ስኩዌር ሄልዝላይን የሚባለውን አውቶቡስ ያዙ፤ በዩክሊድ ጎዳና በቀጥታ ይወስዳችኋል። ከኤርፖርት የሚመጣ ሰው በሬድ ላይን ባቡር ይደርሳል።

4. የሥነ ጥበብ ሙዚየሙን በደቡብ በር በኩል ቅረቡት። በ1916 የተከፈተ ነው፤ ለቋሚ ስብስቡ መግቢያ አይከፈልም። ለመመሥረቻ ገንዘብ ትተው ካለፉት ባለጸጎች አንዱ ጆን ሃንቲንግተን ሀብት ያፈራው ከሮክፌለር የነዳጅ ኩባንያ ከስታንዳርድ ኦይል ጋር ነው። በሩ ፊት የፈረንሳዊው ቀራፂ የሮዳን «አሳቢው» ሐውልት አለ። እግሩን ልብ ብላችሁ እዩ። በ1970 ቦምብ ተጠምዶበት ነሐሱ ተቀዳዷል፤ እግሮቹም ጠፍተዋል። ሙዚየሙ ሳያስጠግን እንዳለ አቆመው። ትክክል አድርጓል ብዬ አምናለሁ።

5. ለተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ግማሽ ቀን ስጡት። እዚያው ሰፈር በእግር የሚደረስ ነው። ይኼኛው በክፍያ ነው፤ ግን ይገባዋል። ድንቅነሽ በኅዳር 1974 ሀዳር ላይ ስትገኝ፣ ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን የሚሠራው በዚህ ሙዚየም ነበር። አጽሟም ለጥናት እዚህ ቆይቶ ነው ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው። አሁን የምታዩት ቅጂውን ነው። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ አጠገቧ አቁሟቸው፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። ከዚያ ዳሌዋን አሳዩአቸው። አጭርና ሰፊ ነው፤ የጭኗ አጥንትም ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር የሚመሰክሩት እነዚህ ናቸው። ስለ ዶ/ር ዮሐንስ ኃይለሥላሴም ንገሯቸው። ለረጅም ዓመታት በዚህ ሙዚየም የሰው ልጅ አመጣጥ ጥናት ክፍልን የመሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ቡድናቸው በ2016 አፋር ውስጥ በወራንሶ ሚሌ 3.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የራስ ቅል አግኝቷል። አሜሪካ ለተወለደ የሐበሻ ልጅ ይህን እዚያው ቆሞ መስማት ትልቅ ነገር ነው።

6. ጉልበት ከተረፋችሁ በእግር ወደ ሮክፌለር ፓርክ ውጡ። በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና ዳርና ዳር የየሕዝቡ የባህል መናፈሻዎች ተደርድረዋል፤ የኢትዮጵያም አለ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ምቹ ጫማ አድርጉ፤ ውሃም ያዙ።