ስህተትን የትምህርቱ አካል ማድረግ፦ ለክፍል መምህራን

ጎጃም ውስጥ ብዙ ክፍል ገብታችሁ ብታዩ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። መምህሩ ይጠይቃል። ከፊት ያሉት አራት አምስት ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ። ሌላው ደብተሩ ላይ ያቀረቅራል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ «ብሳሳትስ?» እያለ ነው።

እዚሁ አገር ግን ሌላ ልማድ አለን። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ ቤት ጀማሪው ተማሪ ጉባኤ ቃና የሚባለውን ባለሁለት ቤት (ባለሁለት ስንኝ) ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ለየኔታ ይነግራል። ቤቱ ከጎደለ ወይም ምስጢሩ ካልሰመረ ይታረማል። ከዚያ ሌላ ቆጥሮ ይቀርባል። መታረም የትምህርቱ መንገድ ነው። ዘመናዊው ክፍል ውስጥም ይቻላል። የ6ኛ ክፍል ሒሳብን ይዤ ላሳያችሁ።

1. ልጆች እንደሚሳሳቱበት የምታውቁትን አንድ ጥያቄ ምረጡ። ለምሳሌ 1/2 + 1/3። ትምህርቱን ከማስተማራችሁ በፊት ስጧቸው። ማኑ ካፑር የተባለው ተመራማሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ መጀመሪያ ያለ እገዛ ከከባድ ጥያቄ ጋር የታገሉ ተማሪዎች ያኔ ጥሩ መልስ ባያገኙም በኋላ ላይ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ታግለው ሲጨርሱ ግን ማስተማር ግድ ነው። አታግሎ መተው ሌላ ነገር ነው።

2. ቁራጭ ወረቀት አድሉ፣ ስም አይጻፍበት፣ ሰብስቡ። ላጲስ አይፈቀድም። እኔ ላጲስን ለሒሳብ ክፍል አልወደውም፤ ልጁ ያሰበበትን መንገድ አጥፍቶ ይሄዳል። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከሥሩ ይቀጥል።

3. ስህተቱን ሰሌዳ ላይ አውጡት። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ክፍሉ አንዴ ከሳቀበት፣ ያ ልጅ እስከ ሰኔ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ብዙዎች የተጋሩትን ስህተት ምረጡ፤ አንድ ልጅ ብቻ የሠራውን ተዉት። ወረቀቱንም አታሳዩ፣ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል። በራሳችሁ ጠመኔ ገልብጡት፦ 1/2 + 1/3 = 2/5።

«ማነው እንዲህ የሠራው?» አትበሉ። «ይህን የሠራ ሰው ምን አስቦ ይሆን?» በሉ። የመጀመሪያውን ከጠየቃችሁ ልጆቹ ጥፋተኛ ፍለጋ ዞር ዞር ይላሉ። ሁለተኛውን ስትጠይቁ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ይቀራል። ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታው ቢከብድም መልሱን አትንጠቋቸው።

ቀጥሎ ከስህተቱ ውስጥ ልክ የሆነውን ፈልጉ። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ማገናኘቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ክፍልፋይ ሲባዛ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ይህን ስትነግሯቸው ፊታቸው ይፈታል። ከዚያ መልሱን ራሳቸው ይፈትሹት። ግማሽ እንጀራ በልቶ ሲሶ የጨመረ ሰው ስንት በላ? አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ድንገት ብድግ አለች፦ «ቲቸር፣ 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል! ጨምሮ እንዴት ያንሳል?» ከዚያ በኋላ ለእኔ የቀረኝ 3/6 እና 2/6 ብሎ መጻፍ ብቻ ነበር። 5/6 የሚለውን ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸው።

የሚስቅ ካለ በቁጣ አትጀምሩ። «አንተስ፣ እንዴት አሰብከው?» ብላችሁ ወደ ሥራው መልሱት።

4. ማርኩንም አስተካክሉ። ስህተት ትምህርት ነው እያልን ለስህተቱ ዜሮ ብቻ ከሰጠን ልጆች አያምኑንም። ተከታታይ ምዘናው ውስጥ ለእርማት ቦታ ይኑር። ተማሪው የት እንደሳተና ለምን እንደሳተ በሁለት መስመር ከጻፈ፣ ካጣው ማርክ ግማሹ ይመለስለት። ትክክለኛውን መልስ ከጓደኛ መገልበጥ ግን እርማት አይደለም። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ከማብዛትም መንገዱ የታጠፈበትን ቦታ ማስመሩ ይሻላል፤ ኤክስ የት እንደተሳሳተ አይነግረውም።

5. ከሳምንት በኋላ ቁጥሩን ቀይራችሁ ጠይቁ፦ 1/4 + 1/3። 2/7 የሚጽፍ አይጠፋም። ለእሱ ሕጉን ደግማችሁ አታንብቡለት። ረዘም ያለ ወረቀት ስጡት፣ በቁመቱ ለሦስት፣ በአግድሙ ለአራት ያጣጥፈው። 12 ሳጥን ያገኛል። ሩቡ ስንት ሳጥን፣ ሲሶውስ ስንት ሳጥን እንደሆነ በጣቱ ይቁጠር።