ሲቲ ወይ ካውንቲ የሚሰራ ሰው በእርግዝና ወይ በአካል ጉዳት ምክንያት ሲበደል እንዴት ነው የሚከሰው (አሜሪካ ላላችሁ)

"መንግስት እኮ ነው፣ ማን ይከሰዋል" የሚል ሰው አይጠፋም። ይከሰሳል! 15 ሰራተኛና ከዛ በላይ ያለው ሲቲም ሆነ ካውንቲ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ህግ (ኤዲኤ የሚሉት) ይመለከተዋል፣ ከጁን 27 ቀን 2023 ጀምሮ የሚሰራው የእርጉዝ ሰራተኞች ህግም እንደዛው።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን በኢሜይል አድርጉት። በአፍም ይቆጠራል ግን ኮሪደር ላይ ለሱፐርቫይዘር የተነገረ ነገር በኋላ "መቼ ነገረችኝ" ይባላል። ህግ መጥቀስ ምናምን አያስፈልግም፣ "እርጉዝ ነኝ፣ ከባድ እንዳላነሳ ሀኪም ነግሮኛል፣ ቀለል ያለ ስራ ይሰጠኝ" ይበቃል። የጠየቃችሁበትንና የመለሱላችሁን ኮፒ ቤት አስቀምጡ፣ ምክንያቱም ካባረሯችሁ የስራ ኢሜይላችሁ ወዲያው ነው የሚዘጋው። እና ሌላ መፍትሄ እያለ "እስክትወልጂ ቤት ተቀመጪ" ብሎ በግድ ፈቃድ ማስወጣት በአዲሱ ህግ ክልክል ነው፣ ይሄን ብዙ ኤችአር (የሰው ሀይል ክፍል) ራሱ የሚያውቀው አይመስለኝም።

ቀጥሎ ኢኢኦሲ ጋ (የስራ ቦታ አድልዎን የሚያጣራው የፌደራል መስሪያ ቤት) ቻርጅ የሚባለውን አቤቱታ ማስገባት ነው፣ እሱን ዘላችሁ በነዚህ ህጎች ፍርድ ቤት መሄድ አትችሉም። በነጻ ነው፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። በደሉ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ፣ ስቴቱ ወይ ከተማው ተመሳሳይ ህግ የሚያስፈጽም ቢሮ ካለው 300 ይሆናል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ ዩኒየን ይዞልኛል፣ ኤችአር እያጣራ ነው እያለ ሲጠብቅ ቀኑ ያልፍበታል፣ የውስጥ አቤቱታ ቆጠራውን አያቆመውም።

ከዛ መክሰስ ትችላላችሁ የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ኢኢኦሲ ኬዙን ከዘጋው ራሱ ይልካል፣ ጥፋት አግኝቶ ማስማማት ካልቻለ ግን ወደ ዲፓርትመንት ኦፍ ጀስቲስ (የፌደራሉ ፍትህ ሚኒስቴር) ይመራዋል፣ እነሱም ራሳቸው ካልከሰሱ ደብዳቤውን የሚልኩት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ከማታውቁት ቢሮ የመጣ ፖስታ ብላችሁ እንዳትጥሉት። ከደረሳችሁ ቀን 90 ቀን ነው ያላችሁ።

ብሩን በተመለከተ፣ መንግስት ላይ የቅጣት ካሳ የሚባለው (አሰሪውን ለመቅጣት ተብሎ ተጨማሪ የሚከፈለው) የለም። ለደረሰባችሁ ጭንቀትና ስቃይ የሚከፈለው ደግሞ ጣሪያ አለው፣ ከ500 በላይ ሰራተኛ ላለው 300,000 ዶላር ነው። የቀረባችሁ ደሞዝ ከዚህ ውጪ ነው። በስቴት ህግም ልትከሱ ካሰባችሁ አንዳንድ ስቴት ሲቲውን ቀድማችሁ በጽሁፍ እንድታሳውቁ ይፈልጋል፣ ቀኑም ከነዚህ ሊያጥር ስለሚችል ጠበቃ ስታናግሩ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት።