ከፖሊኢትሊን ተጨማሪ ኬሚካሎችን ማውጣት አልሳካ ሲል፦ የአሟሚ ምርጫ ችግርና መፍትሄ

ከፖሊኢትሊን ውስጥ አንቲኦክሲዳንት (ፕላስቲኩ በኦክስጅን እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) አውጥቶ ለመለካት ተስማሚ የሚባለው አሟሚ፣ ተጨማሪውን ኬሚካል በሚገባ የሚያሟማ፣ ፕላስቲኩን ግን ሳያሟማ የሚያሳብጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ሲዘነጋ የሚመጡ ናቸው።

ምልክት፦ ናሙናው በአይሶፕሮፓኖል ለሰዓታት ቢቆይም የሚገኘው ኬሚካል ከሚጠበቀው በእጅጉ ያንሳል።

ምክንያቱ በመሟሟት መለኪያው ላይ ይታያል፤ ይህ ቁጥር በሁለት ነገሮች ላይ በተቀራረበ መጠን እርስ በርስ በቀላሉ ይዋሃዳሉ። በሜጋፓስካል ስኩዌር ሩት ሲለካ ፖሊኢትሊን ከ16 እስከ 17 ገደማ ሲሆን አይሶፕሮፓኖል ግን 23.6 ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ በመሆኑ ፕላስቲኩ አያብጥም፣ በውስጡ ያለው ሞለኪውልም መውጫ ያጣል። መፍትሄው መለኪያው 16.8 የሆነውን ሳይክሎሄክሴን መቀላቀል ነው።

በዚህ ስሌት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። እኩል ይዘት (ቮልዩም) ያላቸውን ሁለቱን ፈሳሾች ቀላቅሎ የአጠቃላይ ቁጥሮቹን አማካይ የወሰደ ሰው 20.2 ያገኛል። ተመራማሪው ቻርልስ ሃንሰን በ1967 እ.ኤ.አ. ባቀረበው አከፋፈል ግን መለኪያው እንደ ሞለኪውሎቹ የመሳሳብ ዓይነት የዲስፐርሽን (በሁሉም ሞለኪውሎች መካከል ያለ መሳሳብ)፣ የፖላሪቲ (በኤሌክትሪክ ዋልታዎች መካከል ያለ መሳሳብ) እና የሃይድሮጅን ትስስር ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ አማካዩም ለየክፍሉ ለብቻ ይሰላል። አይሶፕሮፓኖል 15.8፣ 6.1 እና 16.4፣ ሳይክሎሄክሴን ደግሞ 16.8፣ 0 እና 0.2 ስለሆኑ ድብልቁ 16.3፣ 3.1 እና 8.3 ይሆናል። የእነዚህ ስኩዌሮች ድምር ስኩዌር ሩት 18.5 ነው፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ግምት ይልቅ ለፖሊኢትሊን እጅግ የቀረበ ነው። ስለዚህ አጠቃላይ ቁጥርን ብቻ ይዞ አሟሚ መምረጥን አልመክርም።

ድብልቁ ተስተካክሎም ውጤቱ ዝቅ ካለ ናሙናው ወፍራም ሊሆን ይችላል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ኬሚካሉ ሰርጎ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ መፍጨት ይጠቅማል።

ምልክት፦ ድብልቁ በትክክል ተሰልቶ ሳለ በሶክስሌት (የፈላው አሟሚ እንፋሎት ቀዝቅዞ ናሙናው ላይ ደጋግሞ የሚንጠባጠብበት መሣሪያ) የሚገኘው ውጤት ከስሌቱ ጋር አይጣጣምም።

ሁለቱ ፈሳሾች አንድ ላይ ሲፈሉ በ69 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አዜዮትሮፕ (እንፋሎቱና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ቅንብር ያላቸው ድብልቅ) ይፈጥራሉ፤ በክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሳይክሎሄክሴን ነው። በመሆኑም ናሙናው ላይ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ጠርሙሱ ውስጥ ከተጨመረው ድብልቅ የተለየ ነው። ናሙናውን እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ በሪፍላክስ፣ ማለትም እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ወደ ጠርሙሱ በመመለስ፣ ማፍላት ይሻላል፤ ሁለቱም በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ ማሞቂያው ክፍት እሳት መሆን የለበትም።

ምልክት፦ የወጣው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ይደፈርሳል ወይም እንደ ሰም ይረጋል።

ሙቀቱ አጫጭር የፖሊኢትሊን ሰንሰለቶችን አሟምቷል ማለት ነው። መለኪያው የፕላስቲኩን ክሪስታል ከግምት ስለማያስገባ፣ በክፍል ሙቀት ምንም የማያሟማ ፈሳሽ ሲሞቅ ሊያሟማ ይችላል። የአይሶፕሮፓኖሉን ድርሻ ከፍ፣ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ፤ ፈሳሹንም አቀዝቅዞ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ ማለስለሻ ኬሚካሉን ለማውጣት ግን መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፕላስቲኩ ቴትራሃይድሮፉራን በተባለ አሟሚ ሙሉ በሙሉ ይሟማና ሄክሴን ሲጨመርበት ፒቪሲው ይዘቅጣል፣ ማለስለሻው በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል።