ማርሚታውን አውርዶ ማጽዳት፤ ካታሊስቱን ሳያወጡ

ሞተር ሳይክላችሁ ጉልበት ሲያንሰው "የማርሚታውን ውስጥ አስወጣው፣ ይለቀዋል" የሚል ሰው አይጠፋም። "ውስጡ" የሚሉት በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ውስጥ ያለውን ጭስ አጣሪ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (ካታሊስቱን) ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ማርሚታውን አውርዱ፣ ውስጡን እዩ፣ አጽዱ፣ ጋስኬቱን (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ ቀለበት) ቀይሩ። ካታሊስቱን ግን አትንኩት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የእኛዋ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ደግሞ አየሩ ሳሳ ብሎ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቀርሻ ይጥላል፣ ይደክማል። ካታሊስቱን ብታወጡት የጎደለው አየር አይመለስም። የሚመጣው ጩኸትና ጭስ ነው። ካታሊስት ማለት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባ፣ የማር እንጀራ የሚመስል ወንፊት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ቤንዚንን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይቀይራል። እሱ ሲወጣ መርዙን የሚስበው ከኋላችሁ በብስክሌት የሚመጣው ተማሪ ነው። በዚህ ከተማ ደግሞ ብስክሌተኛ ብዙ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት የአየር ፊልትሮውንና ካንዴላውን እዩ። ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ፣ ካንዴላው ጥቁር ጥቀርሻ ከለበሰ፣ ችግሩ እዚያው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አስተካክላችሁ ሞተሩ አሁንም ዝቅ ባለ ፍጥነት ደህና ሄዶ ሲፈጥን የሚታፈን ከሆነ ወደ ማርሚታው እለፉ።

መጀመሪያ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ማርሚታ ከላይ የበረደ መስሎ ውስጡ ሊያቃጥል ይችላል። ሜዳ ላይ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በመሃል መቆሚያው አቁሙት። ሁሉም ነገር እንዴት እንደተገጠመ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

አሁን ትዕግስት የሚጠይቀው ክፍል መጣ። ማርሚታውን ከቴስታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የያዙት ሁለት ዳዶዎች ሙቀትና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው የኖሩ ናቸው። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ የተነዳ ሞተር ከሆነ ዝገታቸው ይብሳል። ቁልፍ ከማስገባታችሁ በፊት ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ። ከዚያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉባቸውና አሳድሩት። በማግስቱ ልኩን የጠበቀ ቁልፍ አስገቡ። ብዙ ጊዜ 10 ወይም 12 ነው። ትንሽ ፍቱ፣ መልሳችሁ ትንሽ አጥብቁ፣ እንደገና ፍቱ። አልላቀቅ ካለ ዘይት ጨምሩና ጠብቁ እንጂ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥላችሁ አትጫኑት። ብሎኑ ተሰብሮ አሉሚኒየሙ ቴስታ ውስጥ ከቀረ፣ ማስወጣቱ ከጠቅላላው ሥራ የበለጠ ወጪና ራስ ምታት ነው።

ዳዶዎቹ ከላሉ በኋላ እስከ መጨረሻው አትፍቷቸው። ኦክስጅን ሴንሰር (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ) ካለው ገመዱን ንቀሉ። ቀጥሎ የኋላውን ብሎን ፍቱ። አንድ ሰው ማርሚታውን ደግፎ ይያዝላችሁ። ክብደቱ በፊት ብሎኖች ላይ ከተንጠለጠለ ያጣምማቸዋል። ያኔ የፊቶቹን ጨርሳችሁ አውርዱ።

የቴስታውን ቀዳዳ ተመልከቱ። አሮጌው ጋስኬት፣ ማለትም የመዳቡ ቀለበት፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። በቀጭን ካቻቢቴ በቀስታ ፈንቅላችሁ አውጡት። በላዩ ላይ አዲስ የሚገጥም ሰው አለ፤ እንዲህ ከተሠራ ጭስ ያሾልካል። ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።

አሁን በባትሪ መብራት ወደ ማርሚታው ውስጥ እዩ። ካታሊስቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ቧንቧው ላይ ወይም ከኋላው ወፍራም ክፍል ውስጥ ይሆናል። ከቆዩት ባለ ካርቡሬተር ሞተሮች ብዙዎቹ ጭራሽ ካታሊስት የላቸውም። በነሱ ላይ "ውስጡን እናውጣ" ማለት ጤነኛ ማርሚታ መቅደድ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ካያችሁ ቤንዚን በዝቷል፤ ካርቡሬተሩን አስተካክሉ። እርጥብና ዘይታማ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ እሱን ሳትጠግኑ ማጽዳት ዋጋ የለውም። ማርሚታውን በእጃችሁ ነቅነቅ ስታደርጉት ውስጡ ከተንኳኳ ወይም የካታሊስቱ ቀዳዳዎች ቀልጠው ከተደፈኑ ተበላሽቷል። መፍትሔው መቀየር ነው። በመዶሻ አትፈርክሱት፣ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ለማጽዳት የቧንቧውን አፍ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ ጥቀርሻውን አራግፉ። ካታሊስቱ ላይ ብሩሽም አሲድም አይድረስ። ከማርሚታው ሥር ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ካለ በቀጭን ሽቦ ክፈቱት። ስትጨርሱ ጣና ዳር ወስዳችሁ አትጠቡት። ያ ዘይትና ጥቀርሻ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ከዚያ ሐይቅ ዓሣ እንበላለን።

ስትገጥሙ አዲስ ጋስኬት አስገቡ። የድሮው ደህና ቢመስልም ተጨፍልቋል። በብሎኖቹ ጥርስ ላይ ሙቀት የሚችል የመዳብ ቅባት ብትቀቡ ሌላ ጊዜ መፍታት ይቀላል። ሁሉንም ዳዶና ብሎን መጀመሪያ በጣት አስጀምሩ። ቀጥሎ የፊቶቹን እያፈራረቃችሁ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር አጥብቁ። የኋላው የመጨረሻ ነው። ቀድማችሁ የኋላውን ካጠበቃችሁ የፊቱ ጠምዞ ይገጠማል። ሴንሰሩን መልሱ።

ሞተሩን ደጅ ላይ አስነሡ። ዝናብ ነው ብላችሁ በተዘጋ ቤት ወይም ኮንቴነር ውስጥ አታስነሡት፣ ጭሱ ይገድላል። ቧንቧው ገና ሳይሞቅ የሳሙና ውሃ መጋጠሚያው ላይ አድርጉ። አረፋ ከሠራ እየሾለከ ነው፤ አጥፉና ትንሽ አጥብቁ። ከቅባቱና ከዘይቱ የሚመጣ ጥቂት ጭስ ቢኖር አትደንግጡ፣ ተቃጥሎ ያልቃል። ወደ ጢስ አባይ መንገድ ትንሽ ነድታችሁ ተመለሱ። ሲበርድ ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ እንደገና ፈትሹ፣ ጋስኬቱ ሲሞቅ ስለሚጨፈለቅ ትንሽ ይላላሉ።