«ውስጡን አላውቅም» ላለ ተከሳሽ፦ በዕፅ ክስ ሐሳብን በቀድሞ ድርጊት ማስረዳት

ከዘጌ በጀልባ ባሕር ዳር የደረሰ የቡና ጆንያ ሲፈተሽ፣ ከቡናው መሀል በላስቲክ የተጠቀለለ ካናቢስ ተገኘ እንበል። ተከሳሹ «የሰው አደራ ነው፤ ውስጡን አላውቅም» ይላል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 ሕጋዊ (በሕግ መከልከሉ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱ) እና ሞራላዊ (የአድራጊው ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት) ፍሬ ነገሮች ተሟልተው እንዲገኙ ስለሚጠይቅ፣ ጆንያው እጁ ላይ መገኘቱ ብቻ የዕፅ ወንጀልን በሚመለከተው አንቀጽ 525 ጥፋተኛ አያሰኘውም።

ዐቃቤ ሕግ አስቀድሞ የዕለቱን ማስረጃ ይጨርስ። የጭነቱን ሒሳብ ማን ከፈለ? የጆንያውን አፍ ማን ሰፋው? ላኪ ነው የተባለው ሰው በተከሳሹ ስልክ ጥሪዎች ውስጥ አለ? ብዙ መዝገብ የሚበላሸው ደግሞ ሚዛን ላይ ነው፦ ዕፁ ከነላስቲኩ ተመዝኖ ይመዘገባል፣ በምርመራው ውጤት ላይ ያለው ክብደት አንሶ ይመጣል፣ ጠበቃው «የተመረመረው የተያዘው ነው ወይ?» ብሎ ይገባበታል። ተከሳሹ ባለበት ከነመጠቅለያውም ያለመጠቅለያውም ተመዝኖ ሁለቱም ቁጥር ይጻፍ፤ ናሙናውም ይታሸግ።

የቀድሞ ድርጊት የሚጠቅመው ክርክሩ ማወቅ አለማወቅ ላይ ሲሆን ነው። «ጆንያው የኔ አይደለም» ከተባለ ጭብጡ፣ ማለትም የሚያከራክረው ነጥብ፣ ሌላ ነው። ከሁለት ወር በፊት በዚያው ጀልባ፣ በዚያው አሰፋፍ፣ ለዚያው ተቀባይ ዕፅ ያለበት ጆንያ ሲያስረክብ ያየ ምስክር ካለ «አላውቅም» የሚለው ቃል ይሳሳል። «ድሮ ያጨስ ነበር» ግን ጆንያ ውስጥ ስላለው ነገር ምንም አይናገርም። «ሰፈሩ በሙሉ ሻጭነቱን ያውቃል» የሚለውማ ከሐሜት አያልፍም። በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ከምስክሩ ስም ጎን የሚያስረዳው ጭብጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ «ማወቁን» ብሎ መጻፍ ካልተቻለ ምስክሩ ይቅር። የአሜሪካ የፌዴራል የማስረጃ ደንብ 404(ለ)ም መስመሩን እዚሁ ያሰምራል፦ የቀድሞ ድርጊት ሐሳብንና ዕውቀትን ለማሳየት ይቀርባል፣ «ጠባዩ ነው» ለማለት አይቀርብም።

የቀድሞ የጥፋተኝነት ፍርድ ሌላ ጉዳይ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 138 ተከሳሹ ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት እንዳይገለጽ ይከለክላል። ስለዚህ ጠበቃ «ከዚህ በፊት ታስሮ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ሲሰማ፣ ምስክሩ አፉን ሳይከፍት ተነሥቶ ይቃወም፤ መልሱ ከወጣ በኋላ ከመዝገብ ቢሰረዝ እንኳ ከዳኛው ጆሮ አይሰረዝም። የቀድሞው የጥፋተኝነት ሪከርድ ቦታው በቁጥር 149 መሠረት የቅጣት አስተያየት ሲሰጥ ነው። ያን ጊዜም የፍርዱ ግልባጭ ላይ ያለው ስም እስከ አያት ይመሳከር፣ አለበለዚያ የሞክሼው ጥፋት ይቆጠርበታል።