ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ እይታው የደከመን የደም ግፊት ሕመምተኛ እንዴት እንርዳ?

የዓይን ሞራው ተገፍፎ ሰው ሠራሽ ሌንስ የተተካለት የደም ግፊት ሕመምተኛ «ማየት ጀምሬ ነበር፤ አሁን ግን መልሶ ጨለመብኝ» ብሎ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር «ግፊቱ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ይህ አደገኛ ልማድ ነው። ሕክምናው እንደ መንስኤው ስለሚለያይ፣ አስቀድሞ እይታው መቼና እንዴት እንደቀነሰ መጠየቅ ይገባል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመምና መቅላት ካለ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ነው፤ ፀረ ባክቴሪያው ዓይን ውስጥ መወጋት ስላለበት በጠብታ ብቻ አንድ ሌሊት እንኳ ማሳደር አይገባም። ብልጭታና እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ የሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) መላቀቅ ምልክት በመሆኑ በዕለቱ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። ከሳምንታት በኋላ የሚመጣ ብዥታ ብዙውን ጊዜ የማኩላ (ጥርት ያለ እይታ የሚሰጠው የሬቲና መሃል) እብጠት ሲሆን በፀረ ብግነት ጠብታዎች ይታከማል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ደግሞ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ሽፋን መደፍረስ ከሆነ በሌዘር ይከፈታል።

በጠንካራ ወረቀት ላይ በመርፌ 1 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ አብጅተው፣ ሌላውን ዓይን ሸፍነው ሕመምተኛው በቀዳዳው እንዲያይ ያድርጉ፤ ከተሻለው የመነጽር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በደብዛዛ ክፍል ውስጥ የባትሪ ብርሃን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ያዛውሩ። ብርሃኑ ሲደርስበት መጥበብ ሲገባው የሚሰፋ ብሌን ካለ፣ የሬቲና ወይም የዓይን ነርቭ ጉዳት መጠርጠር አለበት።

ግፊት በእውነት የሚጠረጠረው እዚህ ላይ ነው። የሬቲና ደም መላሽ ሥር ሲዘጋ እይታ ያለ ሕመም በድንገት ይቀንሳል፤ ለሚከተለው የማኩላ እብጠት እንደ ቤቫሲዙማብ ያለ መድኃኒት ዓይን ውስጥ ይወጋል። ሕመምተኛው ጠዋት ሲነቃ የእይታው የታችኛው ግማሽ ከጠፋበት ግን ለዓይን ነርቭ የሚደርሰው ደም አንሶ ሊሆን ይችላል። ማታ የሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ሌሊት ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያወርድ ስለሚችል፣ የሚወስድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር መከለስ ያስፈልጋል። ዕድሜው ከ50 በላይ ሆኖ ራስ ምታትና ሲያኝክ የመንጋጋ ሕመም ካለው፣ ስቴሮይድ የሚያሻው የደም ሥር ብግነት ስለሚጠረጠር ሌላኛውን ዓይን ለማትረፍ አይዘገይም።

ግፊቱ ከ180/120 በላይ ሆኖ የሁለቱም ዓይኖች ነርቭ ካበጠ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋል። ሆኖም በጥድፊያ ወደ መደበኛው ማውረድ የዓይንንና የአንጎልን ደም ስለሚያሳጣ፣ ግፊትን በፍጥነት የሚያወርደውን ኒፌዲፒን ከምላስ ሥር መስጠት የለብንም፤ በሆስፒታል ክትትል በመጀመሪያው ሰዓት ከ25 በመቶ ያልበለጠ፣ ቀሪውም ቀስ በቀስ ይቀነሳል።