«ኤፒ» ያለበትን የሳይንስ ቃል እንዴት እንፍታ?

ሀዋሳ ላይ ባዮሎጂ፣ ጤና ወይም የሐይቅ ጥናት የሚማር ሰው ኤፒደርሚስ፣ ኤፒሊምኒዮን፣ ኤፒነፍሪን፣ ኤፒደሚክ የሚሉ ቃላት ተደራርበው ይመጡበታል። እያንዳንዱን መሸምደድ ጉልበት ማባከን ነው። ቅድመ ቅጥያው የግሪክ ሲሆን ዋና ፍቺው «ላይ» ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ኤጲስ ቆጶስና ኤጲፋንያ ይዘውት የገቡት ይህንኑ ነው። ጥንት በ«ጲ»፣ ዛሬ በ«ፒ» ስለሚጻፍ ሌላ ይመስላል እንጂ አንድ ነው።

1. ቅጥያውን በትክክለኛው ቦታ ይቁረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤጲስ ቆጶስ ተለያይቶ ስለሚጻፍ ቅጥያው «ኤጲስ» ይመስላል፤ የግሪኩ መገጣጠሚያ ግን ኤፒ + ስኮፖስ ነው። ስኮፖስ ተመልካች፣ ጠባቂ ማለት ሲሆን የማይክሮስኮፕ «ስኮፕ»ም የዚያው ሥር ዘመድ ነው። ተከታዩ ክፍል በአናባቢ ከጀመረ የ«ፒ» አናባቢ ይወድቃል። በ«ህ» ድምፅ ከጀመረ ደግሞ «ፕ» ወደ «ፍ» ይለወጣል፦ ለኤፌድሪን መድኃኒት ስሙን የሰጠው ኤፌድራ የተባለው ተክል ኤፒ + ሄድራ (መቀመጫ) ነው። ስለዚህ በ«ኤፍ» የሚጀምር ቃል ሲያዩም ይጠርጥሩ።

2. የቀረውን ክፍል ይለዩ። ደርማ ቆዳ፣ ሊምኔ ሐይቅ፣ ፊቶን ተክል፣ ኔፍሮስ ኩላሊት፣ ዴሞስ ሕዝብ ነው። ለጅምሩ እነዚህ ይበቃሉ።

3. ከኋላ ወደ ፊት ያንብቡ። አማርኛ «ላይ»ን ከስሙ በኋላ ስለሚያስቀምጥ ቅጥያውን መጨረሻ ላይ ይተርጉሙት። ኤፒደርሚስ የቆዳ የላይኛው ሽፋን ነው። ኤፒሊምኒዮን ፀሐይ ያሞቀችውና ቀለል ብሎ ከላይ የሚሰፍረው የሐይቅ ውኃ ነው። ኤፒፋይት፣ ለምሳሌ ዛፍ ላይ የሚበቅል ኦርኪድ፣ ሌላ ተክል ላይ ይቀመጣል እንጂ ምግቡን አይቀማም፤ ጥገኛ ተክል ብሎ መተርጎም ስህተት ነው።

ኤፒነፍሪን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቃሉ «ኩላሊት ላይ» ማለት ነው፤ የሚመነጨው ከኩላሊት አናት ላይ ከተቀመጠው እጢ ስለሆነ። አድሬናሊን የሚለው ስም ያንኑ በላቲን ይናገራል፦ «አድ» ወደ ወይም አጠገብ፣ «ሬን» ኩላሊት። አንዱ ወረቀት ኤፒነፍሪን፣ ሌላው አድሬናሊን ቢል መድኃኒቱ አንድ ነው። ሁለት አድርጎ የቆጠረ ተማሪ ነገ ታካሚ ፊት ሲቆም መጠኑን ሊደግም ይችላል።

4. ፍቺውን በአገባቡ ይፈትሹ። ሀዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች የመሬት መንቀጥቀጥ ዜና እዚህ በጥሞና ይሰማል፤ «ኤፒሴንተር» ግን ብዙ ጊዜ የመንቀጥቀጡ መነሻ ተብሎ ይተረጎማል። መነሻው ከምድር በታች ያለው ሃይፖሴንተር ነው፤ ሃይፖ «ሥር» ማለት ነውና። ኤፒሴንተር በቀጥታ ከእርሱ በላይ ያለው የምድር ገጽ ነጥብ ነው።

ኤፒደሚክ ላይ ደግሞ «ሕዝብ ላይ» ብሎ ማቆም አይበቃም። እዚህ መነጻጸሪያው «ኤን» (ውስጥ) ነው። ወባ በአንድ አካባቢ በተለመደው መጠን ሲኖር ኢንደሚክ ይባላል፤ ለዚያ ቦታና ወቅት ከሚጠበቀው በላይ ሲበዛ ኤፒደሚክ፣ ማለትም ወረርሽኝ ይሆናል። ልዩነቱን የሚወስነው የታማሚው ብዛት ብቻውን ሳይሆን ከወትሮው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ወባ በማያውቀው ደጋ ጥቂት ታማሚ ወረርሽኝ ሊያሰኝ ይችላል።